የባቱ መንገድ ዜና

ልጄ እዚህ አዳማ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ዜና ትጽፋለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የኔ ድርሻ መስማት ነው። እሱም ያስፈራኛል። ባሌ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከባቱ ቲማቲም ጭኖ ይመጣል።

አንድ ቀን ጠዋት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሬዲዮው «በባቱ መንገድ አንድ አይሱዙ ተገልብጦ የአሽከርካሪው ሕይወት አለፈ» አለና ወደ ሌላ ወሬ ሄደ። በቃ። ስንት ሰዓት ላይ? ወደየት ሲሄድ? ምን ጭኖ? ምንም የለም። ባሌ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ያው ነው።

ወዲያው ጎረቤቴ መጣች። እሷ ሌላ ጊዜ ገና ከበሩ «አካም ቡልቴ!» እያለች በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ብላኝ ነው የምትገባው። ያን ዕለት ግን ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዝም ብላ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኛ ጋ ሰው በማለዳ መጥቶ ዝም ካለ መርዶ ነው።

«ንገሪኝ እንጂ!» አልኳት።

«ምን እነግርሻለሁ እህቴ፤ እኔም ሬዲዮውን ሰምቼ ነው። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ።»

ልጄ ጋ ደወልኩ።

«የተገለበጠው መኪና የማን ነው?»

«እማዬ፣ ምነው? አባዬ ነገ አይደል የሚመጣው?»

«ቲማቲሙ እንዳይበላሽ ብሎ ዛሬ ተነስቷል! ስልኩ ዝግ ነው!»

«እማ፣ ስሚኝ፤ የኛ አይደለም። ሲሚንቶ የጫነ ነው። ከዚህ ወደዚያ ሲሄድ ነው የተገለበጠው።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። የሟች ቤተሰብ መርዶውን ከሬዲዮ እንዳይሰማ ብዬ ነው ዝርዝሩን የተውኩት።»

ልቧ ደግ ነው፤ ግን አንዱን ቤት ላትርፍ ብላ በዚያ መንገድ ሰው ያለውን ሁሉ አስደነገጠች። እኔም የምቆጣበት አቅም አልነበረኝም፤ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

ባሌ ረፋዱ ላይ አቧራ ለብሶ ገባ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው። «ቤቱ ምነው የለቅሶ ቤት መሰለ?» ሲል ጎረቤቴ «አንተኑ ነው የምናለቅሰው! አንድ ሳጥን ቲማቲም ካላወረድክ አንነሳም» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ እጁን ይዤ አልለቅ አልኩ።

ልጄ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ደውላ «ቤተሰቡ ተነግሮታል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። ካልተነገረው ዜናውን ታቆየዋለች። ከተነገረው ግን ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ጭነቱን፣ መኪናው ወደየት ይሄድ እንደነበር ከላይ ታስቀምጣለች፤ ያላወቀችውን ደግሞ አላወቅንም ብላ ትጽፋለች። አዲስ የሚገቡ ልጆች ሲጠይቋት «ሰው መንገድ ላይ ያላት ሴት እየሰማችህ እንደሆነ አስበህ ጻፍ» ትላቸዋለች።

ያን ዕለት ቀትር ላይ ዜናው ተስተካክሎ ተነበበ። «ሲሚንቶ የጫነ» ሲል ጎረቤቴ «ተመስገን» አለች። እኔም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚሁ ከአዳማ ነው የተነሳው መኪና፤ የሹፌሩ ሚስት ምናልባት ከኛ ሰፈር ብዙም አትርቅም። ጠዋት እኔ ጋ ጎረቤቴ ስትገባ፣ እሷም ጋ ሰው ዝም ብሎ ገብቶ አጠገቧ ተቀምጦ ይሆናል።

ተነስቼ ሬዲዮውን ዘጋሁት።