የጠጄ ቁራኛ

በዘመሮ ገበያ ጠጄ ወልደ ጻድቅን የማያውቅ ሰው የበግ ጠጉር ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው። የምትፈትለው ክር ባና የሚባለውን ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ይሄዳል። እንዝርቷ ከእጇ አይለይም፤ መንገድ ስትሄድ ትፈትላለች፣ ሰው ስታናግር ትፈትላለች፣ ስትጣላም ትፈትላለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ውጤት አልመጣላትም። ባሏ ቆላ ወርዶ ሌላ ትዳር ያዘ። እሷ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ አንዲት ልጇን መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይታላት ታስተምራለች። ከትምህርት ቤት የቀራት አንድ ልማድ ብቻ ነው። እጇ የገባውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው መስመር ታነባለች፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ሌላ ሥራ ጨምራለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጥናት ድርጅት ለውጭ አገር ተመራማሪዎች በስልክ መጠይቅ ያስሞላል፤ ክፍያው በሞባይል ካርድ ነው። ጠጄ ካርዱን ሸጣ ለልጇ ቤት ኪራይ ትደጉማለች። መጠይቁ በአማርኛ ይመጣል፣ አማርኛው ግን አገር የለውም። አንድ ቀን «የቤተሰብዎ ራስ ማን ነው?» የሚል ቢመጣላት ለአባቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«ራስማ ሁላችንም አለን» አሉ አቶ ወልደ ጻድቅ። «ሆዱ ማን እንደሆነ ቢጠይቁ ነበር የሚቸግረን።»

ሥራው እንደሚያዋጣ ስታይ ጎረቤቷን እፀገነትንና ሌሎች የሰፈሩን ሴቶች እሷው አስመዘገበቻቸው። ኔትወርክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። መጠይቅ በመጣ ቀን ሴቶቹ ስልክና እንዝርት ይዘው እዚያ ይወጣሉ፤ እየተሳሳቁ ይሞላሉ፣ ይወርዳሉ።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም፣ በምኵራብ ሳምንት፣ ስለ ምግብ የሚጠይቅ መጣ። ባለፉት ሰባት ቀናት ቤትዎ የሚበላ ነገር ነበር? ነበር። በግ፣ ላም ወይም ዶሮ አለዎት? አለኝ። በእነዚሁ ቀናት ሥጋ፣ ወተት ወይም እንቁላል ስንት ቀን በሉ? ምንም። እስከ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳይቀምሱ የዋሉባቸው ቀናት አሉ? አሉ። ምግብ ስላጡ ነው? አይደለም። ስለታመሙ ነው? አይደለም።

ሌላ ምክንያት ካለዎት የሚል ጥያቄ አልነበረም። ጠጄ መልሷን ልካ ወደ ቅዳሴ ወረደች።

በመጻጉዕ ሳምንት ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት ደረሳቸው። «መልሶችዎ እርስ በርሳቸው ስለሚጋጩ ውድቅ ሆነዋል። መጠይቁን በትኩረት አልሞሉም። እስከ ዓርብ መልስዎን በፈቃድዎ ካነሡ ምንም ምልክት አይደረግብዎትም። ካላነሡ የማይታመን መላሽ ተብለው ከተመዝጋቢነት ይሰረዛሉ።»

ጠጄ ጉብታው ላይ ይህንን ሁለት ጊዜ አንብባ አጠገቧ ወደተቀመጠችው እፀገነት ዞረች።

«አንቺስ? አነሣሽ?»

«አንሥቻለሁ እንጂ። እንደደረሰኝ ተጫንሁት።»

«ዋሽተሽ ነበር?»

«ምን ቆርጦኝ።»

«ታዲያ ለምን አነሣሽ?»

«ጠጅዬ፣ ለአንዲት ካርድ ነው እኮ። በጾም ደግሞ ሰው አይጣላም።»

«እኔ መች ተጣላሁ? የተሳደቡት እነሱ ናቸው።»

ሌሎቹም አንሥተው ነበር። አንዷ በልጇ እጅ አስነሥታለች፤ ምን እንደተባለች እንኳ አላነበበችም።

አቶ ወልደ ጻድቅ ደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ጠጄ ነገሩን አጫወተቻቸው። እሳቸው ለአንዲት የግጦሽ ወሰን ዳኛ እየተለዋወጠባቸው ለዓመታት የተሟገቱ ሰው ናቸው። ክርክር ሲሰሙ ወገባቸው ይቀናል።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይላል ያገሬ ሰው» አሉ። «ነገር ግን የአንቺን ጭብጦ የበላው ፊት የለውም። በአያቴ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ይቋጠሩ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ዳኛ እስኪፈርድ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ አንዱ አንዱን ጥሎ መሄድ አይችልም። ይኸ የስልክ ሰውዬሽ በምን ይቋጠራል? ነጠላ የለው፣ ጫፍ የለው።»

«ልተወው ነው የሚሉኝ?»

«እኔ ተዪው መቼ አልሁ? የሚቋጠርበትን ፈልጊ ነው ያልሁ።»

ዓርብ አለፈ። ጠጄ አላነሣችም። ሰኞ ጉብታው ላይ እንዳለች ስልኳ ጮኸ።

«ወይዘሮ ጠጄ ነዎት? ይሥሐቅ እባላለሁ፣ የመጠይቁ አስተባባሪ ነኝ። መልስዎን አላነሡም።»

«አላነሣሁም።»

«አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ካስቸገረዎት ልምራዎት።»

«አላስቸገረኝም። አውቄ ነው የተውሁት።»

«ለእርስዎ ብለን እኮ ነው። ያነሡት ሁሉ ስማቸው ንጹሕ ነው።»

«ወንድሜ፣ አንተ ዘንድሮ ትጾማለህ?»

«ይኸ ከሥራው ጋር አይገናኝም።»

«ከእኔ ጋር ይገናኛል። ጎተራዬ ገብስ አለበት፣ በረቴ በግ አለበት፣ እኔ ግን ሳልቀምስ ውያለሁ። እናትህን ጠይቃት። እሷም የማትታመን መላሽ ሳትሆን አትቀርም።»

ይሥሐቅ ሳቁን አፍኖ ሲያስል ተሰማት። «ወይዘሮ ጠጄ፣ ይገባኛል። ውድቅ ያደረገዎት ማሽኑ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ችግሩ፣ ያነሣ ሰው ከፋይሉ ይወጣል፣ ያላነሣ ሰው ግን ለኮሚቴ መቅረብ አለበት። የእርስዎ እንደተንጠለጠለ ፋይሉን መዝጋት አልችልም። ተመራማሪዎቹ እየጠበቁኝ ነው።»

የጠጄ እንዝርት ቆመ።

«ምን አልህ?»

«መዝጋት አልችልም ነው ያልሁት።»

«እኔ ካላነሣሁ?»

«እርስዎ ካላነሡ።»

«እንግዲያው አብረን እንከርማለን» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ቁልቁል ወርዳ አባቷ ፊት ቆመች። «አባባ፣ ጫፍ አገኘሁለት።»

ኮሚቴ የሚለውን ቃል የት እንዳየችው አስታወሰች። ሰው ሁሉ ሳያነብ «እስማማለሁ» ብሎ የሚያልፈው የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ ነው። ጥናቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ተመልክቶ እንዳጸደቀው፣ ቅሬታ ያለው በዚህ አድራሻ ቢጽፍ እንደሚሰማ ይናገራል። ምናልባት እስከዚያ ቀን ማንም ጽፎበት አያውቅም። ጠጄ እንዲህ ስትል ጻፈች።

«ከዘመሮ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያው ገጻችሁ በፈለግሁ ጊዜ ያለ ቅጣት ማቋረጥ እንደምችል ይናገራል። አሁን ደግሞ ካላቋረጥሽ ትቀጫለሽ ተባልሁ። በግድ የምታስደርጉኝን ነገር መብትሽ ነው እንዳትሉኝ። መልሴ የተጋጨው ጾሜ ስለነበር ነው። የጾመ ሰው ሁሉ አይዋሽም አልልም፤ እኔ ግን አልዋሸሁም። በሕግ አምላክ።»

መልስ ሳይመጣ ጾሙ ገፋ። በገብር ኄር ሳምንት አዲስ መጠይቅ ሲላክ ለሴቶቹ ደረሰ፣ ለጠጄ ግን አልደረሰም። እነሱ ጉብታው ላይ ሲሞሉ እሷ ከሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች።

«ነይ እንጂ ነፋሱን እንኳ ተካፈዪ፣ የካርድ አርበኛ» እያለች እፀገነት ከላይ ትጣራለች።

«ለእናንተ ይብቃችሁ፤ የታመናችሁ መላሾች።»

የልጇ ኪራይ ደረሰ። ለፋሲካ ያሰበችውን ሙክት አስቀድማ ሸጠች። አቶ ወልደ ጻድቅ በጉ ሲነዳ ደጃፍ ቆመው አዩ፤ ወሰናቸውን ሲያስመልሱ ስንት በግ እንደነዱ ያውቃሉ።

ይሥሐቅ በየሳምንቱ ይደውላል። መጀመሪያ ይለምን ነበር፣ ቀጥሎ ደከመው፣ በኋላ ስለ አየሩ መጠየቅ ጀመረ። አንድ ቀን የመጠይቁን ክፍያ ከራሱ ኪስ ላከላት። ጠጄ ያንኑ ካርድ መልሳ ላከችለት።

«ምን ነው ወይዘሮ ጠጄ? በቅንነት ነው የላክሁት።»

«ቅንነትህን አውቄያለሁ። እኔ ግን የምፈልገው ከድርጅትህ እንጂ ከአንተ አይደለም። ምጽዋት ከፈለግሁ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርቤ ነው።»

ይሥሐቅ ክፉ ሰው አልነበረም። መጠይቁን ያዘጋጁትም በሩቅ አገር ተቀምጠው ስለ ሰው ረኃብ የሚጨነቁ ሰዎች ይሆናሉ። በደል ሲደርስ ክፉ ሰው ከኋላው ቢኖር ይሻላል፤ ቢያንስ የሚጨበጥ ክንድ አለው። ይኸኛው በደል ግን ክንድ አልነበረውም። ጠጄ የያዘችው አንድ ያልተጫነችው ቁልፍ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አልለቀቀችም።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ አንዲት ሴት ደወለች። የኮሚቴው ጸሐፊ ናት፤ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው። ያን ቀን ጠጄም ሴቶቹም ጉብታው ላይ ነበሩና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ እንዲሰሙ ለቀቀችው።

«ወይዘሮ ጠጄ፣ ቅሬታዎን አይተናል። ጥያቄው ጾምን አላሰበም፤ ስሕተቱ የመጠይቁ ነው። ማስፈራሪያ ያለበት መልእክትም መላክ አልነበረበትም። ምልክቱ ይነሣል፣ ክፍያዎም ይላካል። መልሳቸውን ላላነሡ ሁሉ እንዲሁ ተወስኗል።»

«ላነሡትስ?»

«እነሱ በፈቃዳቸው ስላነሡ መልሳቸው ከፋይሉ ወጥቷል። በሌለ ነገር ላይ መወሰን አንችልም።»

«ያላነሣነው ስንት ነን?»

«እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ጠጄ ዞራ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ጉዳዩን እንዝጋው?» አለች ጸሐፊዋ።

«ነገ እነግርዎታለሁ።»

እፀገነት ነጠላዋን እያስተካከለች ተጠጋቻት። «ፈረዱልሽ። እንኳን ደስ ያለሽ። ዝጊውና ሥራሽን ያዢ። እኛማ በገዛ እጃችን ነው።»

«ካርዱ ቆጭቶሽ ነው?»

«ካርዱ ይቅርብኝ። መጾሜንም እግዜር አይቶታል፣ የእነሱ ማየት አይጨምርልኝም።» እፀገነት ቁልቁል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ተመለከተች። «የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዋሽተሻል ሲሉኝ እሺ ማለቴ።»

ጠጄ ቤት ስትገባ አቶ ወልደ ጻድቅ ወሬው ቀድሟት ደርሷቸው ጠበቋት።

«ረታሽ አሉ።»

«ረታሁ።»

«ታዲያ ይኸ ምን ፊት ነው?»

«ነገ ይግባኝ እላለሁ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። «ስንት ዳኛ ፊት ቆሜያለሁ። የተፈረደለት ሰው ይግባኝ ሲል ግን አይቼ አላውቅም።»

«ለእኔ ብቻ ነው የፈረዱት። ያስመዘገብኋቸው እኔ ነኝ።»

«እንቢ ቢሉሽስ? ያገኘሽውንም ቢያስቀሩብሽ?»

«ያስቀሩዋ። እስከዚያ ግን አይዘጋም።»

አቶ ወልደ ጻድቅ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ከዘራቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ቁራኛ የሚፈታው ዳኛ ነው፣ ተሟጋች አይደለም ይባል ነበር» አሉ። «አንቺም በራስሽ ጊዜ አትፍቺ። በርቺ።»

በማግሥቱ ሴቶቹ መጠይቅ ሳይኖር ጉብታውን ወጡ። ነፋሱ ከጓሳ ደጋ በኩል ይነፍሳል። ጠጄ ደወለች።

«አይዘጋም» አለች ጠጄ፣ ጸሐፊዋ ስልኩን ስታነሣ። «ይግባኝ ብያለሁ።»

«ወይዘሮ ጠጄ፣ ለእርስዎ እኮ ተወስኗል። በማን ስም ነው የሚቀርበው?»

ጠጄ ስልኩን ለእፀገነት ዘረጋችላት። እፀገነት እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ስልኩን ተቀብላ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«እፀገነት በኃይሉ እባላለሁ። ጾሜ ነበር፣ አልዋሸሁም። ያነሣሁትም ፈርቼ እንጂ ፈቅጄ አይደለም። ይጻፉልኝ።»

ከኋላዋ የቆመችው ሴት እንዝርቷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ስልኩን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።