ስለ ዶማው ያወራሁት

ጭሮ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ደንበኛ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ወሬ ይፈልጋል። እኔም ለዓመታት የማወራው አንድ ነገር ነበረኝ፤ ታላቅ ወንድሜ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ የጎረቤታችንን ክንድ በዶማ የመታበትን ቀን። በቦታው አልነበርኩም።

ወንድሜ ታስሮ ወጥቷል፣ ሽማግሌዎችም አስታርቀዋቸዋል። እኔ ግን አልተውኩትም።

«ወንድሜ ለጠብ የማይቸኩል ሰው ነው» ብዬ እጀምራለሁ። «ውሃውን ዘጉበት፣ ታገሰ። እናታችንን ሲሰድቡበት ግን ማን ይችላል?»

እዚህ ስደርስ ሰሚው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንድ የመቻራ ነጋዴማ «ወላሂ፣ እኔም ብሆን እመታ ነበር» አለኝ።

ረመዳን ሊገባ ሲል ጎረቤታችን ራሳቸው አዲስ ሸሚዝ ይዘው መጡ። ግራ ክንዳቸው አልዘረጋ ስለሚል እጅጌው ይረዝምባቸዋል። ሜትሬን አውጥቼ ለካኋቸው።

«እስቲ ለእኔም አውራልኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ለሰው የምታወራውን። መቻራ ድረስ ደርሷል።»

መሸሻ አጣሁና ጀመርኩ። ስድቡ ጋ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ልጄን ያዋለደችልኝን እናታችሁን እኔ ልስደብ?» አሉ። «‹ሂድ፣ ነገ እንነጋገራለን› ነው ያልኩት።»

ሸሚዙን ትተውልኝ ወጡ።

ሱቄን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ማሳው ሄድኩ። ወንድሜ ጫት እየለቀመ ነበር።

«እውነት እናታችንን ሰድበዋል?»

«ማን ነገረህ?»

«አንተ ነሃ!»

«እኔ አላልኩም። ፍርድ ቤትም አላልኩም» አለ፣ ቀና ሳይል። «ከእስር ስወጣ ካንተ አፍ ነው የሰማሁት። ደስ አለኝና ዝም አልኩ።»

ስድቡን መቼ እንደጨመርኩት አላውቅም። ምናልባት አንዱ ሰሚ ሲሰለቸው አይቼ ይሆናል። ሸሚዙን አሳጥሬ እቤታቸው ወሰድኩ። ባለቤታቸው በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ግባ አላሉኝም።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ላይ ረግቼ መቀመጥ አቅቶኛል። ክር አስገብቼ እነሳለሁ፣ በር ላይ ቆሜ እመለሳለሁ። ለደንበኞቼ ሁሉ ስድቡ ውሸት መሆኑን መናገር ጀመርኩ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቦርደዴ ሰው እስከመጨረሻው ሰማኝና ሳቀ።

«ተው እንጂ፣ ሰድበዋታል። በቦታው የነበረ ሰው ነው የነገረኝ።»

«ማን?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። ሊያስታውሰው አልቻለም፤ ብቻ እርግጠኛ ነበር።