ወደ ማሪያቶርየት፣ ቀዩን ወይን ለመተርጎም

በዚያ ቅዳሜ አብረውኝ የነበሩት ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ፣ ለምግብ ቤቶች ወይን የምትመርጠው ልጃቸው ሊያ፣ ከፈረንሳይ የመጡት ማዳም ኤሌን፣ እንዲሁም ስማቸውን ያልጠየቅኋቸው ስድስት ስዊድናውያን ናቸው። ማዳም ኤሌን በቤተሰባቸው እርሻ የተጠመቀውን ቀይ ወይን በስዊድን ዋና ከተማ፣ ሶደርማልም በሚባለው ሰፈር ሊያስቀምሱ መጥተው ነበር፤ እኔ የተጠራሁት በወጣትነቴ በተማርኩት ፈረንሳይኛ ላስተረጉም ነው።

ቮርቢ ጎርድ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል

ሦስታችን ከሰፈራችን ጣቢያ በቀዩ የባቡር መስመር ተሳፈርን። ወሩ ኅዳር ስለሆነ ቀኑ ከወዲሁ መጨለም ጀምሯል። ባቡሩ ዋሻ ሲገባ ከመስኮቱ ላይ ፊቴ ብቻ ቀረ።

«ጋሽ ዓለማየሁ፣ እርስዎ ወንድም የለዎትም?» አሉኝ ወይዘሮ አልማዝ።

«ኃይሉ የሚባል ነበረኝ። ሱዳን በረሃ ቀረ።»

ሊያ በስዊድንኛ «ተያቸው» አለቻቸው።

«ምን አልኩ? ሰባት ዓመት ጎረቤት ሆነን ዛሬ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰማሁ!»

ያልነገርኳቸው ይህን ነው። የመንገድ ጓደኞቹ ያሉኝ «ደክሞት ወደ ኋላ ቀረ» ብቻ ነበር። ሞቷል ብዬ ለእናታችን መርዶ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስከሬን ሳይኖር ተለቀሰ፤ ተዝካርም ወጣለት።

ማሪያቶርየት፣ ዘጠኝ ሰዓት

ማስቀመሻው ከጣቢያው አጠገብ፣ ከአሮጌ ሕንፃ ሥር ያለ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ነው። ማዳም ኤሌን ሲያዩኝ ጠርሙሱን አስቀምጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ።

«ትናንት በርሜሎቹ ዘንድ ትቼህ ነው የመጣሁት» አሉኝ በፈረንሳይኛ። «እንዴት ቀደምከኝ?»

«ምን አሉ?» አለች ሊያ። አልተረጎምኩም።

ማዳም ኤሌን ስልካቸውን አውጥተው ፎቶግራፍ አሳዩኝ። በበርሜሎች መካከል አንድ ሽማግሌ ሻማ ይዞ ቆሟል። ግንባሩ የእኔ ነው፤ አቋቋሙ የአባታችን። ሠላሳ ዓመት የወይን ጓዳቸውን እንደ ጠበቀ ነገሩኝ። በየዓመቱ አንድ ቀን አንድ ብርጭቆ ቀድቶ፣ «ለነፍሴ» ብሎ ብቻውን ይጠጣል። እሳቸው ቀልድ ይመስላቸው ነበር።

ስሙን ጠየቅኋቸው።

«ኃይሉ።»

እዚያው ደውለው ስልኩን ሰጡኝ። ከወዲያ ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ዓለማየሁ ነኝ» አልኩ።

«ተዝካሬ አምሮ ነበር አሉ። ስንት በሬ ጣላችሁ?»

«አንድ። ለምን ዝም አልክ?»

«ካርቱም ስደርስ ተለቅሶልኝ አልቋል። ሙት ተነሣ ሲሏት እማማ በድንጋጤ ብትሞትብኝስ? እሷ ካረፈች በኋላ ደግሞ፣ ምን ብዬ ልምጣ?»

«መርዶውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ከአንተ ባይሆን ማን ያምን ነበር?»

ውኃው መንጠባጠቡን ቀጠለ።

«ለመከር ና» አለኝ። «እስከዚያ ግን አትቅበረኝ።»

ሊያ ከወይኑ ቀዳችልኝ። የረጠበ አፈርና የብረት ጣዕም አለው። ስዊድናውያኑ ስለ ጣዕሙ ጠየቁኝ፤ መልካም ነው ብዬ ተረጎምኩ፣ ማዳም ኤሌን ገና ሳይናገሩ።

ወደ ቤት

በመልሱ ባቡር ወይዘሮ አልማዝ ሁሉንም ሰምተው ስለነበር እጄን ያዙ እንጂ አንዳች አልጠየቁም። ከዚህ አጭር ጉዞ የተማርኩት፣ ዕድሜ ልክ ጨዋነት ብዬ የያዝኩት ዝምታ ፍርሃት እንደ ነበር ነው። አንድ ደብዳቤ ጽፌ ወንድሜን ያየ ሰው ቢኖር ብጠይቅ ኖሮ ምናልባት የሚመልስልኝ ይገኝ ነበር።

እናታችን አራት ወልዳለች። ለሦስቱ አልቅሻለሁ። የቀረነው ሁለት ነን።