ጨርቅ የምትሰፋው ጎረቤት

ያን ቀን ቴሌቪዥኑን የከፈትኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። እናቴንና እህቴን ሳሎን አስቀምጬ፣ "ዛሬ የእኛን ሮኬት ያሳያሉ" ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩ። ቀረጻው ላይ አልነበርኩም፤ የሥራ ቀን ስለነበር ፋርማሲውን ዘግቼ መሄድ አልቻልኩም። ጓደኛዬ ግን "ሁለታችንንም ወክዬ እናገራለሁ፣ አታስቢ" ብሎኝ ነበር።

ጓደኛዬ የምለው ግንብ ብቻ የሚለየን የጎረቤት ልጅ ነው። ቀራንዮ አብረን አድገን፣ ዩኒቨርሲቲም አብረን ገብተን፣ እሱ ኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ እኔ ፋርማሲ ተማርን። ሮኬት መሥራት የጀመርነው ሥራ ከያዝን በኋላ ነው፤ ደስ ስለሚለን ብቻ። ሌላው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ሲያይ፣ እኛ እነሱ ግቢ ቁጭ ብለን ካርቶን እንቆርጣለን። የሮኬቱ ገላ መርካቶ ጨርቅ የሚጠቀለልበት ወፍራም የካርቶን ቱቦ ነበር፤ ክንፎቹ ስስ ኮምፖርሳቶ። ሞተሩን በፈቃድ አስመጥቶ የሚያስረክበን የአማተሮች ክለባችን ነው። ሮኬቱ ሲወርድ የሚይዘውን ፓራሹት ደግሞ ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ እኔ ሰፋሁት።

አዎ፣ ሰፋሁት። ግን የክንፎቹን ቅርፅ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ሽቅብ ሲሄድ እንዳይገለበጥ አፍንጫው ውስጥ ምን ያህል ክብደት መግባት እንዳለበት ሳሰላ የከረምኩትም እኔ ነኝ። የእሱ ድርሻ ሽቦው፣ ባትሪውና ማስነሻው ነበር፤ እሱን አሳምሮ ይሠራዋል፣ አልክድም።

ጋዜጠኛዋ "ይህን ሁሉ ብቻህን ነው የሠራኸው?" ብላ ጠየቀችው። ፈገግ አለ።

"ሐሳቡም ዲዛይኑም የራሴ ነው" አለ። "ጨርቅ በመስፋት የምታግዘኝ አንዲት ጎረቤት አለችኝ፤ እሷን ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም።"

እህቴ ዞራ አየችኝ። እናቴ "ምን አለ? አንቺን ነው?" አለች። ሪሞቱን አንስቼ አጠፋሁት። ጭራሽ ባያነሳኝ ይሻለኝ ነበር። ረስቶኝ ቢሆን እንኳ ይቅር እለው ይሆናል። እሱ ግን አልረሳኝም፤ አስታውሶ፣ አስቦበት፣ ከልኬ አሳንሶ አስቀመጠኝ።

በማግስቱ ራሱ ደወለ። "አየሽው? ቆራርጠውት ነው እኮ! እኔ ስላንቺ ብዙ ተናግሬ ነበር።"

"አይቼዋለሁ፤ ያምር ነበር" አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ግን ለዚህ ሰው ምን እንደማደርገው ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ክለባችን ሕዝብ ጠርቶ ሮኬት የሚያስወነጭፍበት ቀን እየቀረበ ነው። የእሱም ሮኬት (አሁን "የእሱ" ተብሏል) የቀኑ ዋና ትርኢት ሆኗል። ለደንበኛ መድኃኒት እያቀበልኩ የማስበው ያንን ነው። ቱቦውን ብሰብረውስ? የአፍንጫውን ክብደት ባወጣውስ? ይኼኛውን ወዲያው ተውኩት፤ የተገለበጠ ሮኬት የት እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ሕፃናት ይኖራሉ። ጠቤ ከእሱ ጋር ብቻ ነው። እንዲህ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እስከዛሬ ፓራሹቱን አጥፌ ቱቦው ውስጥ የምከተው እኔ ነኝ። እሱ አንድም ቀን ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ለእሱ ልብስ እንደማጠፍ ነበር።

ስለዚህ ምንም ላለማድረግ ወሰንኩ።

የዝግጅቱ ዕለት ከአስኮ ወጥተን፣ ቡራዩን አልፈን፣ ጤፍ የታጨደበት ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። ካሜራም መጥቷል። እሱ አዲስ ጃኬት ለብሶ ከሰው ጋር ፎቶ ይነሳል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ክለቡን ወደሚመሩት ሰውዬ ነው፤ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ናቸው። "ጋሼ፣ ሰዉ በጣም ቀርቧል፤ ወደ ኋላ ያስለቅቁልኝ" አልኳቸው። እውነትም አስለቀቁ። ከዚያ ወደ እሱ ሄጄ ፓራሹቱን ከነቦርሳው ሰጠሁት። ስፌቱን ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ፤ አንድም የላላ ክር አልነበረውም።

"በያ አጥፊልኝ፣ ደርሷል" አለኝ፣ ዓይኑ ካሜራው ላይ እንደሆነ።

"እኔ እኮ ጨርቅ ሰፊ ነኝ" አልኩት። "ይኸው፣ ሰፍቼልሃለሁ።"

ያኔ ዞሮ አየኝ። ነገሩ ሲገባው ከፊቱ ላይ አነበብኩት፤ እንዴት እንዳስደሰተኝ! "አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?" አለ በሹክሹክታ።

"ዲዛይኑ የራስህ አይደል? ካላወቅክበት ለጋሼ ንገራቸውና ያሳዩህ።"

መጠየቅ አልሆነለትም። ተንበርክኮ ጨርቁን እንደ ካልሲ ጥብቅ አድርጎ ጠቀለለው፣ ገመዶቹን ዙሪያውን አሰረበት፣ ገፍቶ ከተተው። እኔ ሁልጊዜ እንዳይጣበቅ የሕፃን ፓውደር እነሰንስበታለሁ፤ ገመዶቹንም በእጥፋቱ መሃል አስተኛቸዋለሁ እንጂ አላስርም። እጄን አጣምሬ ፊት ለፊት ቆሜ አየሁት።

ሮኬቱ ተነሳ። ቀጥ ብሎ፣ ሳይዛነፍ፣ ጢሱን እየጎተተ ወጣ። ሰዉ አጨበጨበ። ክንፎቹ እኔ እንዳሰብኳቸው ሲይዙት ሳይ ለአፍታ ቂሜን ሁሉ ረሳሁ። ከፍታው ላይ ሲደርስ ሹል አፍንጫው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ተከትሎት አንድ ጥቁር ድቡልቡል ነገር ብቅ አለና ሳይዘረጋ ተንጠለጠለ። ከዚያ ሁሉም ተንከባሎ ወረደ። ባዶው ማሳ ላይ ሲወድቅ ቱቦው ለሁለት ተሰበረ።

ካሜራ ይዞ የመጣው ጋዜጠኛ ማይኩን ሲያስጠጋለት ምን ቢል ጥሩ ነው? "የፓራሹቱ ስፌት ሳይለቅ አልቀረም።"

ይህን ስሰማ ሮጥኩ። ታጭዶ የቀረው የጤፍ አገዳ እግሬን እየወጋኝ ድቡልቡሉን ከተሰበረው ቱቦ ነጥዬ አመጣሁና በካሜራውም በሰዉም ፊት ዘረጋሁት። ገመዶቹን ለመፍታት ጥርሴን መጠቀም ነበረብኝ። "ስፌቱን እዩት" አልኩ። "ይጎትቱት፣ ጋሼ።"

ሰውዬው በሁለት እጃቸው ጎተቱት፤ ፍንክች አላለም። ቀና ብለው ጓደኛዬን አዩት። "ማነው ያጠፈው?"

"እኔ" አለ።

"ከዚህ በፊትስ?"

እሳቸውም ጠበቁት፣ ሰዉም ጠበቀው። በመጨረሻ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

"ክንፎቹንስ? ክብደቱን ያሰላው ማን ነው?" አልኩት እኔ። "ንገራቸው እንጂ።"

"እሷ ናት" አለ፤ ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልግ ነበር። ጠጋ ብዬ፣ "አልሰማንም" አልኩት። ድጋሚ አስባልኩት። መደገሙ ለሰዉ አያስፈልግም ነበር፤ ለእኔ ነው ያስፈለገኝ።

በቀጣዩ እሑድ እናቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደያዙ መጡ። እኔን በሕፃንነቴ አዝለውኛል። "ልጄ፣ አንገቱን ደፍቷል፣ እህልም አይቀምስ። በጌታ፣ ይቅር በይው።"

"እማማ፣ ቂም የለኝም ብዬ ልዋሽዎት አልችልም" አልኳቸው። "ቴሌቪዥን ላይ የሰረቀኝን ቴሌቪዥን ላይ ይመልስ። ያኔ ራሴ መጥቼ እስመዋለሁ።"

"የዚያን ዕለቱን አላሳዩትም እንዴ?"

"አላሳዩትም። ሮኬቱ ስለወደቀ ተዉት።"

መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አንስተው ተነሱ። ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ፤ ያ ከሁሉ በላይ ከበደኝ። ሐሳቤን ግን አላስቀየረኝም።

እሱ የሰረቀኝን አልመለሰም። ክለባችንን ትቶ ከተማው ማዶ ካለ ሌላ ቡድን ጋር ገባ። እኔ አሁን በራሴ ስም አስወነጭፋለሁ፤ ሽቦውንም ተቸግሬ ተማርኩት። ፌርማታ ላይ ስንገናኝ እሱ ስልኩን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ።

ባለፈው አንድ የክለባችን ልጅ መጥቶ፣ የእሱ አዲስ ሮኬት እንደወጣና ፓራሹቱም አምሮ እንደተዘረጋ ነገረኝ። "ጎሽ" አልኩ፣ ፈገግ ብዬ። ቤት ገብቼ እናቴ ራት ስታቀርብልኝ ግን አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድ አለኝ።