የእትዬ ወርቄ የኩል እንጨት

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። ማንም አልሞተበትም፣ ከአካባቢያችን ውጭም የሰማው የለም፤ የአንዲት ልጅ ዓይን የታመመበት የአንድ መኸር ነገር ነው። ይሁን እንጂ ባለፈው ሳምንት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከቤቷ የተላከላትን ያልተበጠረ ሰሊጥ ሸራ ላይ ስትዘረግፈው፣ ደረቅና መረር ያለ የገለባ ሽታ ክፍሉን ሞላውና ሳላስበው ዓይኔን ጨፈንኩ። ልጆች ሳለን ሰሊጥ ሲራገፍ ዓይናችንን እንድንጨፍን ሁልጊዜ ይነገረን ስለነበር፣ ልማዱ እስከ ዩኒቨርሲቲ ተከትሎኝ መጥቷል ማለት ነው።

እርሻችን ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። ክረምት ላይ መንገዱ በጥቁር ጭቃ ስለሚያዝ፣ እኔና ታላቅ እህቴ እናኑ ከእናታችን ጋር ቤት ተቀምጠን፣ አባታችን ከሚያሳርምበት እርሻ የሚመጣውን ወሬ እንጠብቅ ነበር። ዝናቡ አባርቶ የሰሊጡ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ግን፣ ድስቱንም ዱቄቱንም በትራክተር ተሳቢ ጭነን ሁላችንም ወደ እርሻው እንወርድና፣ አጨዳው እስኪያልቅ በሣርና በእንጨት በተሠራች ራኩባ ጥላ ሥር እንኖር ነበር። ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞችም ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚደርሱት ያን ጊዜ ነበር።

የአጨዳው የመጀመሪያ ጠዋት የእትዬ ወርቄ ነበር። እትዬ ወርቄ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ድንበር ማዶ ገዳሪፍ ኖረው ሲመለሱ፣ ኩል ዓይንን ከፀሐይና ከአቧራ ይጠብቃል የሚል እምነት ይዘው መጥተው ነበር። ማንም ማጭድ ከማንሣቱ በፊት፣ ወንድ ሴት ሳይሉ፣ ሠራተኛውንም የቤቱንም ሰው በተራ እያስቀመጡ፣ ከአንዲት ብልቃጥ በአንዲት ለስላሳ እንጨት ይኩሉ ነበር። እንጨቷን ከአንዱ ዓይን አውጥተው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረግ ያደርጉና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። አዲስ የመጡት ቢያፍሩም ማምለጥ አልነበረም። አንድ የጎጃም ልጅ ተኩሎ ሲነሣ፣ «እናቴ አሁን ብታየኝ ሳትጠራ የተዳርኩ ይመስላታል» አለና ሰውን ሁሉ አሳቀ። እትዬ ወርቄም፣ «አንተን የምታገባ ዓይኗ የጠፋ ናት፤ ይልቅ የራስህን ጠብቅ» አሉት።

በዚያ ዓመት ከመጡት አንዱ የወሎ ሰው ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የመንገድ አቧራ ነው አለ፤ እትዬ ወርቄም ደህና አድርገው ኳሉት። ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ ሠራተኛ ጠዋት ሲነሣ በዓይናር የተጣበቀ የዓይኑን ቆብ በውሃ እያራሰ የሚገልጥ ሆነ። እነርሱ «ዛሬ ደግሞ ማን አስለቀሰህ?» እየተባባሉ ሲቀላለዱ፣ እትዬ ወርቄ በሽታው እንዲወጣ ብለው ማታም መኳል ጀመሩ። ብዙዎቹን በራሱ ጊዜ ለቀቃቸው። እናኑ ግን ሳይሻላት ነዶ ስትሸከም፣ የሰሊጥ ጭራሮ ያንኑ የታመመ ዓይኗን ወጋት፤ ከዚያ ወዲያ ብርሃን እያመማት ፊቷን ወደ ራኩባው ጥግ አዙራ ትውል ጀመር። እናቴ ወደ ውጭ አውጥታ ቆቡን ገለጥ አድርጋ ስታይ፣ ብሌኗ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ አገኘች።

ያን ሳምንት ከእርሻ መውጣት የሚታሰብ አልነበረም። የደረሰ ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬውን የያዘው ቆባ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። አባቴ ነዶው ተሰብስቦ ሂላ እስኪቆም፣ ማለትም እንዲደርቅ እርስ በርሱ ተደግፎ እስኪከመር፣ ጥቂት እንድንታገሥ ጠየቀ። እትዬ ወርቄም ኩል ተኩሎ ያልዳነ ዓይን አላየሁም አሉ። እናቴ ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም። የእናኑን ፊት በነጠላዋ ሸፍና አነሣቻትና፣

«ሰሊጡ ቢረግፍ ለከርሞ ይዘራል» አለች። «ይህ አይዘራም።»

አባቴ ሹፌሩን ትራክተሩን እንዲያስነሣ አዘዘው። እትዬ ወርቄ ማንም ሳይጠራቸው ተሳቢው ላይ ወጡ፤ እኔንም የሚጠብቀኝ ስላልነበረ ይዘውኝ ሄዱ።

በገንዳ ውሃ ከተማ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ያገኘነው ነርስ ወጣት ነበር። ጫፉ ብርቱካንማ ቀለም የተነከረ ቀጭን ወረቀት ቆቧን ከውስጥ አስነክቶ፣ መስኮቱን ጋርዶ ሰማያዊ መብራት ሲያበራባት፣ ነጩ ነጥብ ያለበት ቦታ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ በራ። ቀለሙ የሚይዘው የቆሰለውን ቦታ ብቻ እንደሆነ፣ ጭራሮው ብሌኗን እንደጫረና በጭረቱ በኩል በሽታ እንደገባ አስረዳን። ከዕፅዋት የሚመጣ ፈንገስ መሆኑን ጠርጥሮ፣ ከቁስሉ ተፍቆ እንዲመረመር ወደ ጎንደር ላከን። ከመውጣታችን በፊት ግን ዓይኗ ውስጥ ምን ስናደርግ እንደቆየን ጠየቀ። እናቴ ወደ እትዬ ወርቄ ተመለከተች፤ እርሳቸውም ከጉያቸው ብልቃጧን አውጥተው እንጨቷን ሰጡት።

«ይህ የማንን ዓይን ነክቷል፣ እማማ?»

«ያልነካው የማንን ነው፣ ልጄ? አንድም ሰው አልነፈግሁ።»

ነርሱ አልተቆጣም። የቀላ ዓይን የነካ እንጨት ደህናውን ሲነካ በሽታውን እንደሚያካፍል፣ እጅና ፎጣም እንደዚያው እንደሆኑ፣ ለቆሰለ ዓይን ደግሞ ኩሉ ራሱ እንደማይበጅ ቀስ ብሎ ነገራቸው። እትዬ ወርቄ እንጨቷን ሊወስዱ እጃቸውን ዘርግተው መለሱት፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትተዋት ወጡ።

የጎንደሩ ምርመራ ፈንገስ መሆኑን አረጋገጠ። ሐኪሟ ዓይኑ ሊተርፍም ላይተርፍም እንደሚችል ለእናቴ ሳትደብቅ ነገረቻት። ያዘዘችላት የዓይን ጠብታ መጀመሪያ በየሰዓቱ፣ በኋላ እየራቀ የሚሰጥ ነበር፤ እትዬ ወርቄ ለማንም አልለቀቁትም። እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ የጠብታው አፍ ሽፋሽፍቷን እንዳይነካ ትንፋሻቸውን ይዘው ያንጠባጥቡላት ነበር። እርሻው ላይ ምግብ የሚሠራ ስለጠፋ ከሳሉጎቹ ከፊሉ ወደ ሌላ እርሻ ሄዶ፣ የማሳው ዳር ሰሊጥ ረገፈ። አባቴ ይህን የነገረን ቤት ከተመለስን በኋላ ነው።

የተረፈው ሰሊጥ ተራግፎ የመጀመሪያው ጆንያ ቤት ሲገባ፣ እትዬ ወርቄ እናኑን በር ላይ አስቀምጠው ደህናውን ዓይኗን በነጠላ ጋረዱና፣ ከጆንያው ዘግነው መዳፋቸውን ዘረጉላት። ምን እንደያዙ ጠየቋት። እናኑ የታመመውን ዓይኗን ወደ መዳፋቸው አስጠጋች።

«ሰሊጥ ነው» አለች፤ ቀጥላም «ገለባ አለበት። አልተበጠረም።»

እትዬ ወርቄ መዳፋቸውን አልጨበጡም፤ ሰሊጡ በጣቶቻቸው መሐል ወደ መሬት ፈሰሰ።

እናኑ ዛሬ ኮኪት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ጠጋ ብሎ ላያት ብሌኗ ላይ ስስ ደመና የመሰለች ጠባሳ አለች፤ ክር ስታስገባ ራሷን ወደ አንድ ወገን ዘንበል ታደርጋለች። እኔ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝና ገና ብዙ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን አንዱን ብልቃጥ ለሁሉ ማዳረስ በቤታችን ትልቁ ደግነት እንደነበር አስታውሳለሁ። እትዬ ወርቄ አሁንም የአጨዳውን የመጀመሪያ ጠዋት ለማንም አልለቀቁም። በጀሪካን ውሃና በሳሙና አጠገብ ቆመው ሠራተኛውን ፊቱን ያስታጥባሉ፣ ዓይኑ የቀላውን ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ፤ እምቢ ማለት ዛሬም አይቻልም። እናኑ ገለባውን ያየችበት፣ የዚያ መኸር ነገር ያበቃበት ቀን ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት ነበር።