የተደፋው ክትባት

ወርቅነሽ እልኸኛ ነበረች። ምን አስደብቆኝ፤ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ከወሎ በሰፈራ መጥታ፣ ባሏን በወባ ቀብራ፣ ጋምቤላ ክልል በሆነች በአራተኛው ዓመት ሰማንያ የፈረንጅ ዶሮ አስመጥታ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማርባት ጀመረች። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። በሽታ በእግር እንዳይገባባት በሯ ላይ ኖራ የተነሰነሰበት ጆንያ አነጠፈች፤ እሱን ሳይረግጥ የሚገባ የለም፣ ዶሮ ይዞ መምጣትማ ጭራሽ አይታሰብም። «ደገኛዋ ተጠየፈችን» አለ ሰፈሩ። «ይበሉ!» አለች እሷ።

ግብርና ቢሮ የነገሯት የፈንግል ክትባት ሁለት ዙር ነው፤ ሁለተኛው በወሩ ካልተደገመ የመጀመሪያው አያዘልቅም። ክትባቱ ደግሞ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል። በአካባቢው ፍሪጅ ያላት አጥር የምትጋራት ኛታንግ ብቻ ነበረች፤ ቢራ የምታቀዘቅዝበት፣ በላምባ የሚሠራ። ኛታንግ የሁለቱንም ዙር ብልቃጥ ከቢራው ጎን አስቀመጠችላት፤ እንዲያው በነጻ።

የመጀመሪያው ተበጥብጦ የሰማንያዎቹ ዓይን ላይ ጠብ ጠብ ተደረገ። ብልቃጡ ለመቶ ዶሮ ነበርና የሃያ ተረፈ። ኛታንግ ከአጥሩ ማዶ ቆማ፣ «ወርቅነሽ፣ የኔ አሥራ ሁለት ናቸው። በተረፈው ነይና አድርጊላቸው» አለች።

ብትሄድ ምን ነበረበት? አሥር እርምጃ ነው! ግን ባለፈው ሳምንት የኛታንግ አውራ ዶሮ አጥር ዘሎ ገብቶባት ተሰዳድበዋል፤ ያ ነገር ከሆዷ አልወጣም። «ከተበጠበጠ ሁለት ሰዓት አልፎታል፤ አይሠራም» አለችና እዚያው ኛታንግ እያየች ኖራው ላይ ደፋችው። ውሸቷን ነው! አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ብልቃጡን ከፍሪጅ አውጥታ የሰጠቻት ኛታንግ ራሷ ነበረችና ታውቃለች። ወደ ቤቷ ገባች።

ወሩ ሊሞላ ሲል ፈንግል ኒውላንድን አዳረሰው። የኛታንግ ዶሮዎች አንገታቸው እየተጠመዘዘ፣ አረንጓዴ እየቀዘኑ በአምስት ቀን አለቁ። ወርቅነሽ የሁለተኛው ዙር ቀን ደርሶ ነበርና በጠዋት ሮጠች።

«ብልቃጤን ስጪኝ።»

ኛታንግ ከመደርደሪያው ላይ፣ ከባዶ ጠርሙሶች መሃል አንስታ ሰጠቻት። ብልቃጡ ይሞቃል።

«ምን ቆርጦሽ አወጣሽው!» ብላ ጮኸችባት። «ዶሮዎቼን ልትጨርሻቸው ነው?»

«የኔ ያለቁ ቀን ነው ያወጣሁት» አለች ኛታንግ። «ሁለት ሰዓት አልፎታል። አይሠራም።»

ወርቅነሽ ብልቃጡን ይዛ ወጣች። ሌላ ክትባት የሚመጣው በአውሮፕላን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቤቷ ገብታ የሞቀውን ብልቃጥ በጠበጠችው። እንደማይሠራ እያወቀች፣ እያለቀሰች፣ ሰማንያዎቹን አንድ በአንድ እየያዘች ዓይናቸው ላይ ጠብ አደረገችላቸው።

ስትጨርስ የሃያ ዶሮ ተረፋት። አልደፋችውም፤ ብልቃጡን ይዛ አጥሩ ጋ ሄዳ ቆመች። በማዶ አንድም ዶሮ የለም።

በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮ ቤቱን ስትከፍት አንዷ አንገቷ ተጠምዝዞ አገኘቻት።