ወንድሜ በአባታችን ቤት የዘረጋው አንቴና

ባለፈው የገና ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ወጥቼ ተቀበልኩት። በብብቱ ረዥም የፕላስቲክ ቱቦ ይዟል።

«ጃንጥላ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ቤት ስንደርስ ታዪዋለሽ፣ እታለም።»

ወንድሜ መሐንዲስ ነው፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ አንቴና ያጠናል። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ሥራውን የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ገጠር ወላጆቻችን ቤት ስንገባ አባታችን ከዐውድማ ገና መመለሳቸው ነው፤ የገብሱ ብናኝ ከጥምጣማቸው አልረገፈም። ቄስ ናቸው፤ ገበሬም ናቸው። ወንድሜ ጉልበታቸውን ስሞ፣ መስቀል ተሳልሞ፣ እህል እንኳ ሳይቀምስ ቱቦውን ከመሬት አቆመው።

«እስቲ ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉልኝ» አለና ማሰሪያውን ሳበ።

ዷ! አለ። ቀጫጭን ዘንጎች ተፈናጥረው ወጡ፤ አንዱ ከምሰሶው ጋር ተላተመ። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ መደቡ ላይ በቁሜ ወደቅሁ። ቀና ስል ቤቱን ከዳር እስከ ዳር የወርቅ ቀለም ያለው መረብ ሞልቶታል። በአንድ ጎኑ ግን ዘንግ ከመረቡ ተጠላልፎ አልተከፈተም። ወንድሜ እሱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምንድን ነው ይኼ፣ ልጄ?» አሉ አባቴ፣ መስቀላቸውን እንደጨበጡ።

«ጆሮ ነው፣ አባባ። ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚሰማ። ይኼ ማሳያው ነው፤ ዋናው ከንፋስ መውጫ ከተማ ይሰፋል። የሚሠራውም ከምድር ውጭ፣ ሕዋ ላይ ነው።»

ራሴን ያዝኩ። «ከተማ የሚያህል ነገር በምን ይወጣል?»

«ታጥፎ ይውጣ የሚሉ አሉ። እኔ አይሆንም ነው የምለው። አየሽው አይደል?» የተጠላለፈውን ዘንግ አሳየኝ። «እዚያ እንዲህ ቢያዝ ማን ሄዶ ይፈታዋል? ዘንጉ ለብቻ፣ መረቡ ለብቻ ይውጣና ማሽኖች እዚያው ይገጣጥሙት።»

አባቴ መረቡን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ምን ልትሰሙበት ነው?»

«ከዋክብት ሳይበሩ ከነበረው ጨለማ የተነሣ ሞገድ አለ። እሱን።»

«ብርሃን ይሁን ሳይባል?»

«እንደዚያ ማለት ይከብደኛል፣ አባባ። ብቻ እጅግ ጥንት ነው።»

«እና ዛሬም አለ?»

«አለ። ደክሞ፣ ተዳክሞ እዚህ ድረስ ይመጣል። በአየሩ አናት ላይ ያለው ንብርብር አላሳልፍ ብሎ ይመልሰዋል እንጂ። ያለፈውን ደግሞ የእኛ የሬዲዮ ጫጫታ ይውጠዋል።»

አባቴ በድንጋጤ ቁጭ አሉ። «ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ደጃችን ደርሶ ይመለሳል?» እንግዳ ከበሩ ጦሙን እንደሄደበት ሰው ነበር የሚናገሩት። እኔ ስለ ሞገድ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፤ እንዲህ ሲሉት ግን ሰምቼ አላውቅም።

«መቼ ነው የሚሠራው?» አለች እናቴ፣ ከነጠላዋ ብቅ ብላ።

«እንጃ፣ እማ። እኔም አልደርስበት ይሆናል።»

ከሁሉ ይልቅ እሷን ያስደነገጣት ይኼ ነው። «በማታየው ነገር ነው እንዲህ የከሳኸው?» ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን ሊያላቅቅ ሲታገል ቀጭ ብሎ ተሰበረበት።

ሊጠግነው የሚችል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እንደተሰበረ ይዞት ተመለሰና፣ የታጠፈ ነገር እንዴት እንደሚሰናከል እንዲያዩ ባልደረቦቹ ፊት ዘረጋው። በኋላ ደወለልኝ፤ የመገጣጠሙን ሐሳብ እንዲያጠና ፈቅደውለታል። ለአባቴ ስነግራቸው ሞፈር እየጠረቡ ነበር፤ መጥረቢያውን አስቀምጠው ወደ ሰማይ አዩና «ይፍጠኑ በያቸው» አሉኝ።